ልብሱ ደረቀ፣ ግድግዳው ግን ራሰ

«እትዬ እንደምን ሰነበቱ። ደሴ ሆጤ ነው የምንኖረው፣ ተከራይ ነን፣ ቤቷ አንድ ክፍል 4 በ4 ነች በመጋረጃ ከፍለናታል። የ7 ወር ልጅ አለችኝ፣ ትልቁ ኬጂ ገብቷል። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ልብስ አልደርቅ ብሎኝ ላብድ ነው። በረንዳው ላይ ገመድ ወጥሬ ነበር፣ አከራያችን ‹ሰው አንገቱን ሊታነቅበት ነው› ብለው በጠሱት፣ እውነታቸውን ነው የግቢው ሰው ሁሉ የሚተላለፍበት ነው፣ ኮርኒስ የሌለው ዝም ያለ የቆርቆሮ በረንዳ ነው። አሁን ወንበር ላይ አልጋ ራስጌ ላይ ነው የማሰጣው፣ ማታ ማታ በርና መስኮት ዘግቼ ከሰል ስሩ አስቀምጣለሁ፣ ይደርቃል ግን ይሸታል፣ ከአልጋው ጀርባ ግድግዳው ጠቁሯል። ባለቤቴ ፈረንጆች ኮርኒስ ላይ የሚሰቅሉትን በገመድ ከፍ ዝቅ የሚል የእንጨት ማስጫ ስልኩ ላይ አይቶ ‹አናጢ ጋ አሰራዋለሁ› አለ። አከራያችን ‹ኮርኒሴን አትበሱም› አሉ፣ አማቴ ደሞ ‹እንግዳ ራስ ላይ ፓንት ልታንጠለጥሉ ነው?› ብለው ሳቁብን። እናሰራው ወይስ ይቅርብን?»

እህቴ መጀመሪያ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም ባንዴ ነው የመጣው፣ ሳቁ በአማትሽ ነገር ነው ወደሳቸው እመለሳለሁ፣ ንዴቱ ግን በከሰሉ ነውና ከሱ ልጀምር።

ከሰሉን ዛሬ ማታ እንዳታስገቢው። ነገ አላልኩም፣ ዛሬ። እኛ ደሴዎች ብርድ ስለለመድን ከሰልን እንደ ቤተሰብ ነው የምናየው፣ «ጢሱ አልቋል ፍም ሆኗል አሁን ይግባ» እንላለን፣ ችግሩ ግን ጢሱ አይደለም፣ ጢሱማ ያስለቅስሻል ያስነሳሻል፣ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ነው፣ አይታይም አይሸትም፣ ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲያምርም ይወጣል። በር ዘግተሽ መስኮት ዘግተሽ የ7 ወር ልጅ አስተኝተሽ ማለት ነውኮ። ጠዋት ራስሽን እያመመሽ እያቅለሸለሸሽ እያዞረሽ ተነስተሽ ታውቂ እንደሆነ «ብርድ መቶኝ ነው» ብለሽ ካለፍሽው ብርድ ላይሆን ይችላል። እንዲህ የተሰማሽ ቀን ቶሎ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ ውጪና ሃኪም ጋ ሂጂ። ልብስ እርጥብ ሆኖ ቢያድር ምንም አይደለም፣ ሌላ ቀን ይደርቃል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አሰሩት። ግን ባለቤትሽ ያሰበበት ቦታ ላይ አይደለም።

ለምን መሰለሽ፣ ልብስ ደረቀ ስንል ውሃው የጠፋ ይመስለናል፣ አልጠፋም፣ ከልብሱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሄደ እንጂ። እስቲ እንቁጠረው። አንድ ሳፋ ልብስ ደረቁን 5 ኪሎ ቢመዝን በእጅ ተጨምቆ ሲሰጣ ወደ ራሱ ክብደት የሚጠጋ ውሃ ይዞ ነው፣ እንግዲህ 5 ሊትር በይው፣ ያ የዘይት ጀሪካን ሙሉውን። ክፍልሽ 4 በ4 ሆና ቁመቷ 2 ሜትር ተኩል ብትሆን 40 ሜትር ኩብ አየር አላት፣ አየር ደሞ 18 ዲግሪ ላይ በ1 ሜትር ኩብ የሚሸከመው እንፋሎት ቢበዛ 15 ግራም ገደማ ነው፣ አባዢው፣ 600 ግራም። ሦስት ብርጭቆ ውሃ ማለት ነው፣ ያውም አየሩ ከነጭራሹ ደረቅ ቢሆን ነው እንጂ አራት ሰው እየተነፈሰበት ሽሮ እየተንተከተከበት ገና ልብሱ ሳይገባ ግማሹ ተይዟል። አንቺ የምታስገቢው 5 ሊትር፣ አየሩ የሚችለው ሦስት ብርጭቆ። የቀረው የት ይሂድ? ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ይለጠፋል፣ መስኮቱ ላይ፣ የቆርቆሮ በሩ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ከአልጋው ጀርባ ያለው አየር የማይደርሰው ግድግዳ ላይ። ያ ጥቁሩ ነገር ሻጋታ ነው፣ ያጠጣሽውም አንቺ ነሽ (አትቀየሚኝ፣ እኔም ስንት ክረምት አጠጥቻለሁ)። የልብሱ ሽታም ከዚሁ ነው፣ ቶሎ ሳይደርቅ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባል፣ ኦሞ ብትጨምሪ ሽታውን አይፈታውም።

እና ማስጫው ኮርኒስ ላይ ቢወጣ፣ እንጨቱ ጽድ ቢሆን ወይራ ቢሆን፣ ለውሃው መውጫ ካላበጀሽለት ግድግዳሽ መጥቆሩን አይተውም።

ባለቤትሽ ያየው ዕቃ የእንግሊዞች ነው፣ የድሮ ነው፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ጀምሮ ኩሽናቸው ውስጥ የነበረ፣ ግራና ቀኝ የብረት ክንፍ አለው በመሀሉ አራት አምስት ረጃጅም እንጨት ይተላለፍበታል፣ በሁለት ፑሊ (ገመድ የሚዞርባት ትንሿ ጎማ) ተስቦ ወደ ላይ ይወጣና ገመዱ ግድግዳ ላይ ካለ መንጠቆ ይታሰራል። ስኮትላንዶች ዝም ብለው «ፑሊው» ነው የሚሉት። እዚያ የሰራው ለምንድነው፣ ከስሩ ቀኑን ሙሉ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ነበራ፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል ልብሱን ያገኘዋል፣ ምድጃው ደሞ የጭስ ማውጫ ስላለው የቤቱን አየር እየሳበ ውጪ ይጥላል። ሙቀትም መውጫም ነበረው ማለት ነው። ያንቺ ክፍል ሁለቱም የላትም።

በነገራችን ላይ አዲስ ነገር አድርገን አንየው። እናቴ ቋንጣ ከግድግዳ ግድግዳ በጠፍር ወጥራ ከምድጃው በላይ ስትሰቅል የነበረው ምን ነበር? ከፍ ያደረገችው ለድመት ብቻ አልነበረም፣ ላይ ላይ ይሞቃል፣ ጢሱም በሣሩ ክዳን ሾልኮ ይወጣል። ቋንጣ ያደረቀ ሰው ልብስ አያቅተውም፣ ያቃተን ቆርቆሮና ኮርኒስ ገጥመን ቤቱን ከደፈንነው በኋላ ነው።

እና የት ይሰቀል? በረንዳው ላይ!

ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። አከራይሽ ገመዱን የበጠሱት ልብስ ጠልተው ሳይሆን አንገት ላይ ስለደረሰ ነው፣ ኮርኒስ አትበሱ ያሉት ኮርኒሳቸውን ስለሚወዱ ነው፣ በረንዳው ደሞ ኮርኒስ የለውም አልሽ፣ ሞራሌው (ቆርቆሮውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት) ባይን ይታያል። ይሄ ከፍ ዝቅ የሚለው ዕቃ ታድያ ለዚሁ የተፈጠረ አይመስልሽም? ታወርጂዋለሽ፣ ትሰቅያለሽ፣ ትስቢዋለሽ፣ ሰው በስሩ ጎንበስ ሳይል ያልፋል። ዝናብ አይነካውም፣ ነፋሱ እንደልቡ ይመላለሳል፣ 5 ሊትሩም ውሃ ግድግዳሽን ሳይሆን የጦሳን ተራራ አየር ያጠጣል። በዝናብ መሀል እንኳ ንፋስ ካለ በረንዳ ላይ ያለ ልብስ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ብልጭ ያለች ሰዓት ደሞ ቆርቆሮው ይግልና ከላይ ያሞቀዋል።

አሰራሩን ልንገርሽ ምክንያቱም እኔ ወድቆብኛል። የመጀመሪያውን ቤቴ ውስጥ ነበር ያሰራሁት፣ አናጢው ቺፕውዱን ኮርኒስ በሳና ብሎኑን አጠበቀልኝ፣ «ይይዛል?» ስለው «ሰው ይሸከማል» አለኝ፣ ሰው አልሸከምም እርጥብ ጋቢም አልሸከም ብሎ ሦስተኛው ቀን ላይ ጎረቤት ሰብስቤ ቡና እያፈላሁ እነጋቢው ረከቦቱ ላይ ወረደ። ጀበናው አንገቱ ተቀነጠሰ፣ ሲኒ አራት። ቺፕውድ ምንም አይሸከምም እህቴ፣ እርጥበት ሲነካው ራሱ ያብጣል ይረግፋል፣ መሸከም ያለበት ከላይ ያለው ሞራሌ ነው። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ አንባቢዎች የናንተ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ነው፣ ድፍን ከሆነ በድሪል ተበስቶ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ ማስገቢያ) ገብቶበት ይይዛል፣ ሲበሳ ግን በውስጡ የመብራት መስመር እንዳያልፍ እዩ።

ክብደቱን አስቢው፣ 5 ኪሎ ልብስ 5 ሊትር ውሃ፣ እንጨቱና ብረቱ ሌላ 5 ኪሎ በይው፣ 15 ኪሎ። ሁለቱ ፑሊዎች እኩል የሚካፈሉት ይመስላል፣ አይካፈሉም! ገመዶቹ ተሰብስበው ወደ ግድግዳው መንጠቆ የሚወርዱባት ፑሊ ከሁለቱ የበለጠ ትሸከማለች፣ የራሷ ወገን 7 ኪሎ ተኩል አለ፣ በዚያ ላይ አንቺ ወደ ታች የምትስቢው 15 አለ፣ ሲደመር ወደ 22 ኪሎ ገደማ ነው። አናጢዎች ይቺን አያስቧትም። ስለዚህ ለሷ ወፍራሙንና ያልተበላውን ሞራሌ ምረጡላት፣ ምስማር ሳይሆን ተሸንቁሮ ከላይ በዳዶ የሚጠብቅ ብሎን ይሁን። እንዲህ አይነት ፑሊ ደሞ አቅጣጫ ይቀይርልሻል እንጂ ክብደት አይቀንስልሽም፣ 15 ኪሎው እጅሽ ላይ ነው፣ ሩብ የጎደለ የ20 ሊትር ጀሪካን መሳብ ማለት ነው፣ ስለዚህ ጂንስና ፎጣ ባለበት ቀን ግማሽ ግማሽ አድርጊው ወይ ባለቤትሽ ይሳብ፣ ሐሳቡም የሱ አይደል።

እንጨቱ የተላገ ይሁን፣ ካልተላገ ልብስ ይስባል ስንጥር ያስገባል። በያጅ ጋ በቱቦላሬ ላሰራው ካልሽም ይሆናል ግን ቀለሙ ሲፋቅ የዝገት መስመር ነጭ ዩኒፎርም ላይ ይቀራል፣ የዝገት ምልክት ደሞ በረኪና ስታደርጊበት ጭራሽ ይብሳል እንጂ አይለቅም። ገመዱ ናይለን ይሁን፣ ሲባጎ እርጥበት ይበላዋል አንድ ቀን ሳታስቢው ይበጠሳል። መንጠቆው ልጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ገመዱም ተጠቅልሎ እዚያው ላይ ይቀመጥ፣ የተንዠረገገ ገመድ ለህፃን አንገት አደጋ ነው። ከቆርቆሮው ደሞ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ አየር በላዩም ማለፍ አለበት፣ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ከስሩ የሚያወዛው ጠብታ አለ ደሞ።

ስትሰቅይ አታጣብቂ፣ በልብስና በልብስ መሀል ሦስት ጣት። ጂንስ ተገልብጦ ኪሱ ወደ ውጪ በወገቡ ይንጠልጠል። የህፃኗን ልብስ ከመስቀልሽ በፊት ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ጠቅልለሽ በጉልበትሽ ተጫኚው፣ የሚወጣው ውሃ ይገርምሻል፣ በእጅ ከመጭመቅ በላይ ነው ልብሱንም አያጣምምም። ከተቻለ ሁሉን ባንድ ቀን አትጠቢ፣ ቅዳሜ አንድ ተራራ ከማጠብ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሳፋ ይሻላል፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው የሚወስንልሽ አውቃለሁ ግን ከቻልሽ።

አሁን የጉም ቀኑ። ደሴን የምታውቅ ሴት «እትዬ ጉም ሲገባስ?» ማለቷ አይቀርም፣ ጉም ያለ ቀን ውጪው አየር ራሱ ጢም ብሏል በረንዳ ላይ ምንም አይደርቅም፣ እንዲያውም ግማሽ የደረቀው መልሶ ይረጥባል። ያኔ ቤት ይገባል፣ በትንሹ፣ በሚታጠፍ የቁም ማስጫ ወይ በወንበር፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገሽ ክፍሉ መሀል። እና መስኮት ትከፍቻለሽ። አዎ በጉም። አትሳቂ፣ የውጪው አየር 10 ዲግሪ ሆኖ ቢጠግብም በ1 ሜትር ኩብ 9 ግራም ገደማ ውሃ ነው የያዘው፣ ቤትሽ ገብቶ 18 ዲግሪ ሲሞቅ 15 ግራም መያዝ ስለሚችል ለ6 ግራም ያህል ቦታ ይኖረዋል፣ ያንን ቦታ ከልብስሽ ሞልቶ ይወጣል። ቀዝቃዛ አየር እርጥብ ይመስላል እንጂ ሲሞቅ ይጠማዋል። በየሁለት ሰዓቱ በርና መስኮት ትይዩ አድርገሽ 10 ደቂቃ ወለል፣ ህፃኗን ጠቅልለሽ ከነፋሱ ራቅ አድርገሽ፣ ከዚያ ዝጊው። ቀኑን ሙሉ ገርበብ ከማድረግ ይሄ ይሻላል፣ ቤቱም አይበርድም።

ፋን ብታገኚ ደሞ ግሩም ነው፣ ትንሿ የጠረጴዛ ፋን 40 ወይ 50 ዋት ብትበላ ነው፣ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ጋ አይወዳደርም፣ ልብሱ ላይ አዙሪያት መስኮቱ ተከፍቶ። ማን ፋን አለው እንዳትይኝ፣ ኮምቦልቻ ዘመድ የሌለው ደሴ የለም። እኛ ወደ 2500 ሜትር ላይ ነን እነሱ 1850 ገደማ፣ በያንዳንዱ 100 ሜትር ወደ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል ብትይ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ 4 ዲግሪ ሙቀት ታገኛለሽ ማለት ነው፣ ክረምት ላይ ፋናቸው ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ተዋሽ። (የማውቃት አንዲት ሴት ነሐሴ ላይ እርጥብ ልብሷን በፌስታል ጠቅጥቃ ሚኒባስ ተሳፍራ ኮምቦልቻ እህቷ ጋ ሄዳ አስጥታ፣ ምሳ በልታ፣ ቡና ጠጥታ፣ ደረቁን ይዛ ማታ ትመለስ ነበር፣ ትራንስፖርቱን ስትደምሪው ኪሳራ ነው ግን ደስ ብሏት ነበር የምትመለሰው።)

ጥቁር የሆነውን ግድግዳ አልጋውን አንድ ክንድ ሳብ አድርጊና በሳሙና ውሃ እሺው፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ልጆቹ ውጪ ሆነው፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ሳይደርቅ በላዩ ቀለም የሚቀባ ሰው አለ፣ በወሩ መልሶ ይወጣል። ልጅሽ የምታስል ከሆነ ደሞ ሻጋታና እርጥበት አስም ላለበትና ለህፃን ሳንባ አይስማማምና ስትታይ ለሃኪሙ ይሄንንም ንገሪው።

አማትሽ! ሴትዮዋ ተሳስተዋል አልልም። ወሎ ቤት እንግዳ አይጠፋም፣ ሰው ለቡና ብሎ መጅሊሱ ላይ ቁጭ ብሎ ቀና ሲል የባለቤትሽን ፓንት ሊያይ ነው እንዴ? በረንዳ ላይ ሲሆን ደሞ የግቢው ሁሉ ባንዲራ ነው የሚሆነው። መላ አለው፣ ዳር ዳሩን አንሶላና ነጠላ፣ መሀል ላይ የውስጥ ልብስ፣ ከጎን አይታይም፣ ቀላል ስለሆነ መሀል ላይ ሆኖም ይደርቃል። ይሄንን ለአማትሽ «እንዴት ላድርገው ብዬ አስቤ» ብለሽ ሳይሆን «እርስዎ ባይነግሩኝ አላስበውም ነበር» ብለሽ ንገሪያቸው፣ ሁለተኛ ቀን ራሳቸው ናቸው የሚያሰጡልሽ።

አከራይሽን ደሞ ባለቤትሽ በር ላይ ቆሞ እንዳይጠይቃቸው፣ አንቺ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው፣ አቦሉ ሳይሆን ሁለተኛው ላይ አንሺው። «እትዬ ገመዱን መበጠስዎ ልክ ነበር፣ አሁን ከራስ በላይ የሚወጣ አግኝተናል፣ ኮርኒስ አይነካም፣ በረንዳው ሞራሌ ላይ ሁለት ብሎን ግድግዳው ላይ አንድ መንጠቆ ነው፣ ወጪው የኛ፣ ቤቱን ስንለቅ ዕቃው ለርስዎ ይቀራል» በያቸው። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ስስት አይደለችም፣ ሁለት ፑሊና አራት ጣውላ ምን ያህል ነው፣ የሳቸው ልብስም እኮ ክረምት ላይ አልደርቅ ይላል። ማክሰኞና ዓርብ የርስዎ ተራ ብትያቸው ደሞ በጭራሽ እምቢ አይሉሽም።

ያንን ትልቁን ብርድ ልብስ ግን እስከ መስከረም አትንኪው፣ እሱን የሚሸከም ሞራሌ እዚያ በረንዳ ላይ ያለ አይመስለኝም።